«እናቴ እግሯን ይደነዝዛታል፤ የትኛውን ቫይታሚን ልላክላት?»

የጠያቂዬ ደብዳቤ ረጅም ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠውና ወደ መልሴ ልግባ።

«እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ ትውጣለች። ለጨጓራዋ ደግሞ ኦሜፕራዞል ከቤት አይጠፋም። ጾም አንድም አታስቀርም፤ በጾም ዓሣም አትነካም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እግሯን እንደ ጉንዳን ይወራታል፣ ይደነዝዛታል። አሁን አሁንማ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ሲወልቅ እንኳን አይታወቃትም። ድካም አለ፣ ምላሷን ያቃጥላታል፣ መርሳትም ጀምራለች። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ‹ስኳሩ ነው› ብለው ቀዩን የቫይታሚን መርፌ ሦስት ጊዜ ወጓት። ትንሽ ተሻላት፤ ከዚያ በዚያው ቀረ። ዘመድ ሁሉ ‹ጾሙን ተዪው› ይላታል፤ እሷ ወይ ፍንክች! እኔ ከዚህ ከሜሪላንድ ቢ ኮምፕሌክስ፣ የነርቭ ቫይታሚን፣ ለፀጉር የሚሆንም ሰብስቤ በሰው ልልክላት ነው። የትኛው እንደሚሻል ንገሪኝ። በነገራችን ላይ እኔም በጥር ላገባ ነው፤ ለእኔም የምትዪው ካለ...»

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ወደ ሠርግሽ እመለሳለሁ። አሁን እናትሽን እናስቀድም።

የምትልኪውን ዕቃ ትንሽ አቆዪው። አትላኪ ማለቴ አይደለም። እሱ ከመድረሱ በፊት፣ እንዲያውም በዚህ ሳምንት፣ እናትሽ ሄደው የደማቸው የቫይታሚን ቢ12 መጠን ይታይላቸው። ደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ጫማው ነው። መወረርና ማቃጠል ብዙ ሰው አለበት። ጫማ ሲወልቅ አለማወቅ ግን ሌላ ነው። እግር የት እንዳለ፣ ምን እንደነካው ለአንጎል የሚያደርሰው ነርቭ እየተጎዳ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። እስቲ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ይንገዳገዳሉ? ማታ መብራት ሲጠፋስ ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት? አዎ ካሉሽ ሳምንቱን አትጠብቂ፤ ነገውኑ ይሂዱ።

የምቸኩለው በምክንያት ነው። ቢ12 ሲጎድል ደምም ነርቭም ይጎዳል። ደሙ ቫይታሚኑን ካገኘ በሳምንታት ውስጥ ማንሰራራት ይጀምራል። ነርቭ ግን እንደዚያ አይደለም። ነርቭን የሚሸፍነው ስስ ልባስ እንዲጠበቅ ቢ12 ያስፈልጋል፤ ልባሱ ሲሳሳ መልእክቱ በመንገድ ይቀራል፣ ይዛባል። ቶሎ ከተደረሰበት በወራት ውስጥ እየተሻሻለ ይሄዳል። ዓመታት ከቆየ ግን የተወሰነው ላይመለስ ይችላል። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ «ብርድ ነው፣ ሪህ ነው፣ እርጅና ነው» እየተባሉ ሁለት ሦስት ዓመት የቆዩ እናቶች መድኃኒት ሊገዙ ሲመጡ አይቻለሁ። ያ ጊዜ ነው የሚቆጨኝ። ምርመራው አንድ ብልቃጥ ደም ነው።

«ስኳሩ ነው» ያሏቸው ሰዎች ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም። ስኳር እግርን ያደነዝዛል፤ ዘጠኝ ዓመት ደግሞ ትንሽ ጊዜ አይደለም። ችግሩ የስኳርና የቢ12 ጉዳት እግር ላይ ሲታይ መመሳሰሉ ነው። አንድ ሰው ላይ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። «ስኳሩ ነው» ከተባለ በኋላ ደግሞ ማንም ሌላ ነገር አይፈልግም፤ ፋይሉ ይዘጋል። ከሁለቱ በቫይታሚን የሚስተካከለው አንደኛው ነው፤ እሱ ሳይታይ መታለፍ የለበትም። የምላሱ ማቃጠልና መርሳቱም ወደ ቢ12 እንድጠረጥር ያደርገኛል። ያም ሆኖ ጥርጣሬ ነው፤ የሚለየው ደሙ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ። ሜትፎርሚን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው አድኗል። እባክሽ ይህን አንብበሽ «ሜትፎርሚኑን አቁሚ» ብለሽ እንዳትደውዪ። አደራ። ነገር ግን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል፤ መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ዓመቱ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። በ2022 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለሐኪሞች ማሳሰቢያ አውጥቶ ነበር። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው የቢ12 እጥረት ምልክት ካሳየ ደሙ ይመርመር፣ ተጋላጭ የሆኑትም በየጊዜው ይታዩ ነው ያለው። እኛ ጋ መድኃኒቱን ወር በወር እንሰጣለን፤ ይህን የሚነግር ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔም ድሮ አልናገርም ነበር።

ኦሜፕራዞሉ ሁለተኛው ነው። በሥጋና በወተት ውስጥ ያለው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው። የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ ነው። ኦሜፕራዞል ሥራው አሲዱን መቀነስ ነው፤ ስለዚህ እናትሽ በፍስክ ጥብስ ቢበሉ እንኳ ከሥጋው የሚያገኙት ቢ12 ሊያንስ ይችላል። ጨጓራ ራሱ ለብዙ ዓመት ሲቆጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቢ12ን ተሸክሞ እስከ ትንሹ አንጀት መጨረሻ የሚያደርሰውን ንጥረ ነገር የሚያመነጨው የጨጓራ ግድግዳ ነውና ግድግዳው ሲሳሳ ተሸካሚው ያንሳል። ዕድሜ ሲገፋም አሲዱ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ኦሜፕራዞሉን ማን አዘዘላቸው? ለስንት ሳምንት ነበር? ብዙ ሰው ለሁለት ወር የታዘዘለትን ለአምስት ዓመት ይወስዳል፤ ከፋርማሲ ያለ ወረቀት ስለሚገኝ። ይህን ሐኪሙ ፊት ያንሱት። በራሳቸው ግን በአንድ ቀን አያቋርጡት፤ ቃሩ በእጥፍ ሊመጣባቸው ይችላል።

እንግዲህ ጾሙ። ዘመድ ሁሉ የተረባረበበት እሱ ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቢ12 ከዕፅዋት አይገኝም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ጤፍ፣ የፈለግሽውን ጥሪ፤ የለም። «እንጀራ ስለሚቦካ እርሾው ይሰጣል» የሚሉ አሉ፤ እሱም ሊያስተማምን የሚችል ቢ12 የለውም። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ደግሞ ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ካህናትና ሁሉንም የሚጾሙ ሰዎች እስከ 250 ቀን ይጾማሉ። ይህን ሂሳብ የሰማ ሰው «በቃ፣ ጾሙ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ግን ሂሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ትልቅ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ቢ12 2.4 ማይክሮግራም ነው። ሰውነት ውስጥ፣ በተለይም ጉበት ላይ፣ የሚቀመጠው ደግሞ ከሁለት እስከ አምስት ሚሊግራም ይደርሳል። አንድ ሚሊግራም አንድ ሺህ ማይክሮግራም ነው። ጎተራው ለዓመታት ይበቃል ማለት ነው። ሌሎቹ የቢ ቫይታሚኖች እንዲህ አይከማቹም፤ የተረፈው በሽንት ይወጣል። ቢ12 ግን ይቀመጣል። ስለዚህ የሁዳዴ 55 ቀን ብቻውን የማንንም ጎተራ አያራቁትም። ፋሲካን ተከትሎ የሚመጣው የሃምሳ ቀን ፍስክ ለዚህ ለዚህማ ጥሩ መሙያ ነው። ጎተራው የሚራቆተው ፍስክ ሲመጣም የሚገባ ነገር ሲጠፋ፣ ወይም የሚገባው በሩ ላይ ሲመለስ ነው። እናትሽ ጋ በሩን ሜትፎርሚንና ኦሜፕራዞል ገርበብ አድርገውታል። የሚገባውስ አለ? እስቲ ጠይቂያቸው፣ በፍስክ ምን ይበላሉ? ኑሮው እንደምታውቂው ነው። አሁን በብዙ ቤት ሥጋ የበዓል ነው፤ ወተቱም ለሕፃን ካልሆነ አይገዛም። በቀን መቁጠሪያ ፍስክ ሆኖ በሌማቱ ጾም የሆነበት ቤት ስንት አለ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህን ሐኪም ቤት ስትደውዪም አስታውሺው። የጾም ምግባችን በፎሌት ሀብታም ነው። ፎሌት ቢ9 ነው፤ አንድ ስኒ የተቀቀለ ምስር ብቻ ወደ 350 ማይክሮግራም አለው፣ የቀን ፍላጎት ደግሞ 400 ነው። በጣም ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ፎሌት ሲበዛ የቢ12 እጥረት የሚያመጣውን የደም ማነስ ሊሸፍን ይችላል። ደሙ ሲታይ «ደህና ነው» ይባላል፤ ነርቩ ግን ከሥር መጎዳቱን ይቀጥላል። ስለዚህ «ደም ማነስ የለብዎትም» ቢሏቸው ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ቢ12 ራሱ ተለክቶ ቁጥሩ ይነገራቸው።

ዘመድ «ጾሙን ተዪው» ለሚለው፣ በእኔ በኩል አይ። ቢ12ን ለመሙላት ጾም መሻር አያስፈልግም። እንዲያውም አንድ የሚገርም ነገር ልንገርሽ፦ ላሟም ቢ12 አትሠራም። የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ላሟ ሆዷ ውስጥ ያሉት ይሠሩላታል፣ እኛ ከእሷ እንወስዳለን። የመድኃኒት ፋብሪካዎችም ቢ12ን የሚያመርቱት ባክቴሪያ አራብተው ነው እንጂ ከሥጋ አይጨምቁትም። ስለዚህ ለእናትሽ «ይሄ ከሥጋ የተሠራ አይደለም» ብትዪያቸው እውነት ነው። የሚያጠራጥረው የላስቲክ የሚመስለው ካፕሱል ልባስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ጄላቲን ይሠራል። ድፍን ኪኒኑን ግዢላቸው፤ እዚያም ላይ ከምን እንደተሠራ ጽሑፉን አንብቢ። መርፌው ከሆነ ይህ ጭንቀት የለበትም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም የማይቀምሱ ከሆነም ቢ12 የሰዓት ጉዳይ የለውም፤ ማታ ቢወስዱት ያው ነው። በሽታ ላለበት ሰው ቤተ ክርስቲያን ማቅለያ እንዳላት እሳቸውም ያውቁታል፤ ያንን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት። እኔና አንቺ ከሩቅ ሆነን የምንፈርድበት አይደለም። ደግሞም በጾማቸው ከመጣሽባቸው የሚሆነውን አውቃለሁ፤ ሕመማቸውን መደበቅ ይጀምራሉ። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉሻል፤ ጫማው ግን መውለቁን ይቀጥላል።

ስለ መርፌው ደግሞ። ቀዩ መርፌ ቀይ የሆነው ቢ12 ውስጥ ኮባልት የሚባል ማዕድን ስላለ ነው። ሦስት ጊዜ ተወግተው ትንሽ ከተሻላቸው ያ ራሱ ፍንጭ ነው፤ የጎደላቸው ነገር ሊሆን ይችላል። ግን ሦስት መርፌ ሕክምና አይባልም። ነርቭ ላይ የደረሰ የቢ12 እጥረት ሲታከም መጀመሪያ ተከታትሎ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ቀን እየዘለሉ፣ ለሳምንታት። ከዚያ እየተራራቀ ይቀጥላል። ምክንያቱ ካልተወገደ፣ ለምሳሌ ሜትፎርሚኑ የሚቀጥል ከሆነ፣ መተካቱም ይቀጥላል። ሦስት ወግቶ «ከተመለሰብዎት ይምጡ» ማለት ሰውን መሸኘት ነው። ይህን ስጽፍ እየተናደድኩ ነው፤ ምክንያቱም ጎተራው ሳይሞላ ምልክቱ ለጊዜው ስለሚበርድ ሰው ድኗል ተብሎ ይረሳል።

ነርቩ ከተረጋጋ በኋላ ኪኒን ይበቃቸው ይሆናል። ሰዎች «በኪኒን አይገባም» ይላሉ፤ ግማሽ እውነት ነው። ያ ተሸካሚ ንጥረ ነገር በአንድ ጊዜ የሚያስገባው ሁለት ማይክሮግራም ገደማ ነው። ነገር ግን ያለ ተሸካሚም ከተዋጠው መቶ እጅ አንዱ ገደማ በራሱ ሾልኮ ይገባል። አንድ ሺህ ማይክሮግራም ያለው ኪኒን ከተዋጠ አሥር ያህል ይገባል ማለት ነው፤ የቀን ፍላጎታቸውን አራት እጥፍ። ኪኒኑ ውስጥ ያለው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር ስላልተጣበቀ ኦሜፕራዞሉም ብዙ አያግደውም። መርፌው መቼ ወደ ኪኒን እንደሚዞር ግን የሚወስነው የሚያክማቸው ሐኪም ነው። ድካሙና ምላሱ በሳምንታት ሊቀልላቸው ይችላል፤ እግሩ ግን ስድስት ወር፣ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። በሁለተኛው ወር «አልሠራም» ብለው እንዳይተዉት ከወዲሁ ንገሪያቸው።

ጉበት የሚወዱ ከሆነ ደግሞ በፍስክ ይብሉ። መቶ ግራም የከብት ጉበት ከ50 ማይክሮግራም በላይ ቢ12 አለው፤ እንቁላል ግን አንዱ ግማሽ ማይክሮግራም ገደማ ነው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት አንድ ማይክሮግራም ከትንሽ። ቢ12 ምን እንደሆነ ከመታወቁ በፊት በዚህ መንገድ ነበር ሰው የሚድነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ጆርጅ ማይኖትና ዊልያም መርፊ የተባሉ ሐኪሞች ያኔ ገዳይ የነበረውን የደም ማነስ በየቀኑ ጉበት በማብላት ማከም እንደሚቻል አሳዩ። በ1934 ከጆርጅ ዊፕል ጋር የኖቤል ሽልማት አገኙ። ቫይታሚኑ ራሱ ተለይቶ የወጣው በ1948 ነው። ማይኖት የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ ኢንሱሊን ባይደርስለት ኖሮ ያንን ሥራ አይሠራውም ነበር። ይህን ለእናትሽ ንገሪልኝ፤ ደስ ይላቸዋል።

አሁን ወደ ሻንጣሽ። እዚህ ላይ ነው በጣም የምለምንሽ።

«የነርቭ ቫይታሚን» የሚባለውን ጀርባውን አንብቢ። አብዛኛው ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አንድ ላይ ነው። ቢ6ቱን ተመልከቺ። እናትሽ በቀን የሚያስፈልጋቸው 1.5 ሚሊግራም ነው። አንዳንዱ ፍሬ ግን መቶ፣ ሁለት መቶ ሚሊግራም አለው። ቢ6 ደግሞ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ እጅና እግር ያደነዝዛል። ለመደንዘዝ የወሰዱት መደንዘዝ ያመጣል። ሰውየው ሲብስበት «መጠኑ አንሶኝ ነው» ብሎ ይጨምራል። የአሜሪካን ሀገር የላይኛው ወሰን በቀን 100 ሚሊግራም ነው፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 12 አውርዶታል። አንቺ ልትልኪ ያሰብሽው ቢ ኮምፕሌክስም ቢ6 አለው፣ የነርቩም አለው፣ የፀጉሩም ሊኖረው ይችላል። ሦስቱ ሲደመሩ ስንት ይሆናል? እናትሽ አይደምሩትም፤ «ልጄ የላከችልኝ» ብለው ሁሉንም ነው የሚውጡት።

ቢ6 ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። የቲቢ መድኃኒት የወሰደ ሰው ያውቀዋል፤ ከአይሶናያዚድ ጋር ትንሽ ቢ6 የሚሰጠው መድኃኒቱ ነርቭ እንዳይጎዳ ነው፣ እሱም በሐኪም መጠን። ቢ1ም እንደዚሁ ቦታ አለው። አረቄና ጠላ የሚያዘወትር፣ ምግብ የተዘጋበት ሰው፣ በእርግዝና ጊዜ ትውከት አላቆም ያላት ሴት፣ እነሱ ቢ1 በቶሎ ያልቅባቸዋል፤ ሲያልቅም አደገኛ ነው። ያኔ ሐኪም ቤት ነው መሄድ።

የፀጉሩ ኪኒን ይቅር። ውስጡ ያለው ባዮቲን ነው፣ ቢ7። የቀን ፍላጎቱ 30 ማይክሮግራም ነው፤ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ 5 ሺህ፣ 10 ሺህ ነው። ይህን ያህል ባዮቲን ደም ውስጥ ሲኖር አንዳንድ የላብራቶሪ ውጤት ይዛባል። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚህ ላይ አስጠንቅቋል፤ የታይሮይድ ምርመራ ይሳሳታል፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚታወቅበት ምርመራም ሕመሙን የሌለ ሊያስመስል ይችላል። እናትሽ ገና ሊመረመሩ ነው፤ ውጤቱን ለምን እናበላሸው? አንቺም የምትወስጂ ከሆነ ደም ከመስጠትሽ በፊት ተናገሪ።

ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ሰው ሲደክመው ክሊኒክ ሄዶ ግሉኮስ ከነቫይታሚኑ ያስተክላል። እናትሽ ስኳር አለባቸው። ደከመኝ ብለው ግሉኮስ እንዳያስተክሉ አስጠንቅቂያቸው፤ ካልታዘዘላቸው በስተቀር። ቢ ቫይታሚን ጉልበት አይደለም። የበሉትን ምግብ ወደ ጉልበት ለመቀየር ሰውነት የሚጠቀምበት መሣሪያ ነው። የጎደለው ሰው ሲያገኝ ነፍስ ይዘራል፤ ያልጎደለው ሰው ግን ቢጨምርበት የሚያየው ሽንቱ ደማቅ ቢጫ ሲሆን ነው፣ ያም ቢ2 ሲወጣ ነው።

ስለዚህ ስትደውዪ እንዲህ አድርጊ። ወንድም ወይም ጎረቤት አብሯቸው ይሂድ፤ ብቻቸውን ከሆኑ «ደህና ነኝ» ብለው ይመለሳሉ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ቀዩን መርፌ መቼ እንደተወጉ ይናገሩ፤ ቅርብ ከሆነ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያልና። ከቢ12 ጋር ሙሉ የደም ምርመራ፣ የሦስት ወር ስኳር፣ ታይሮይድና የብረት መጠን ይታይ። ድካም የቢ ቫይታሚን ብቻ አይደለም፤ ታይሮይድም፣ የብረት እጥረትም፣ ከፍ ያለ ስኳርም፣ የተጨነቀ ልብም ያደክማል። የቢ12 ውጤት በፒኮግራም በሚሊሊትር ከ200 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ እጥረት ነው ይባላል። ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ነው፤ እንደ እናትሽ ምልክት ያለበት ሰው «ከወሰኑ ውስጥ ነው፣ ደህና ነው» ተብሎ መሸኘት የለበትም። አንዳንድ ላብራቶሪ ደግሞ በፒኮሞል በሊትር ይጽፋል፤ እዚያ ላይ 200 ማለት ወደ 270 ፒኮግራም ነው። ቁጥሩን ብቻ በስልክ ከነገሩሽ ልትሳሳቺ ትችያለሽ።

ውጤቱ እስኪመጣ እግራቸውን ይጠብቁ። የደነዘዘ እግር ቁስል አይነግርም። ማታ ማታ መርገጫቸውን ሰው ይይላቸው። የሚታጠቡበትን ውኃ በእጅ ወይም በክንድ ይለኩ እንጂ በእግር አይሞክሩት፤ ከከሰሉ ምድጃም ራቅ ይበሉ። ያ ነጠላ ጫማ ደግሞ ይቀየር። ከሻንጣሽ ቫይታሚኑን አውጪና ተረከዝ የሚሸፍን፣ ሰፋ ያለ፣ የሚታሰር ምቹ ጫማ አስገቢበት። ውጤቱ እጥረት ካለ ያኔ አንድ ሺህ ማይክሮግራም ብቻውን የሆነ ቢ12 ኪኒን ልትልኪ ትችያለሽ፤ ሌላ ያልተቀላቀለበት።

አሁን አንቺ፣ ሙሽራዋ።

ልጅ በቅርቡ የምታስቢ ከሆነ ዛሬውኑ ፎሊክ አሲድ (በኪኒን የሚወሰደውን ፎሌት) ጀምሪ፤ በቀን 400 ማይክሮግራም። ከማርገዝሽ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ነው መጀመር ያለበት፣ እስከ 12ኛው ሳምንትም ይቀጥላል። የጽንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከፅንስ በኋላ በ28 ቀን አካባቢ ነው። ያኔ ብዙ ሴት የወር አበባዋ መዘግየቱን ገና መጠራጠሯ ነው። ሳይዘጋ ሲቀር ነው ልጆች ጀርባቸው ላይ ክፍተት ይዘው፣ አንዳንዴም ጭንቅላታቸው ውኃ እየቋጠረ የሚወለዱት። ይህ ጉዳት በሀገራችን ብዙ ነው፤ የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት በ2022 እ.ኤ.አ. አስገዳጅ ደረጃ የወጣውም አንዱ ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የበለጸገ ተብሎ የሚሸጥ የስንዴ ዱቄት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎሊክ አሲድ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ግን አንቺ እዚያ ሆነሽ እንጀራ ነው የምትበዪው አይደል? የጤፍ ዱቄት ውስጥ ይህ የለም። «አሜሪካ ነኝ፣ ምግቡ ሁሉ ተጨምሮበታል» ብለሽ አትዘናጊ። በቤተሰባችሁ እንደዚህ ያለ ልጅ ተወልዶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ 400ው ላይበቃሽ ስለሚችል አስቀድመሽ ሐኪምሽን አናግሪ። እንደ እናትሽ የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ አንቺም ቢ12ሽን ተመርመሪ፤ ሕፃኑ በመጀመሪያ የሚጠቀመው ከአንቺ ጎተራ ነው።

የእናትሽ ውጤት ሲወጣ ወረቀቱን ፎቶ አስነስተሽ ላኪልኝ፤ ቁጥሩም ከጎኑ ያለው መለኪያም እንዲታይ አድርገሽ። ሰላም በይልኝ እሳቸውን።